በርኖስ፦ ከራስ ወደ ትከሻ የወረደ ቃል

ሐዋርያው ጳውሎስ ሮም እስር ቤት ሆኖ ለጢሞቴዎስ የጻፈው ሁለተኛ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ አንድ በጣም ተራ ጥያቄ አለ። ስትመጣ ጢሮአዳ ላይ አክርጳ ቤት የተውኩትን ልብስ አምጣልኝ ይለዋል። መጻሕፍቱንም እንዳትረሳ። ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ ክረምት ሳይገባ ድረስልኝ ይላል። ሰውየው አርጅቷል፣ ብርዱም እየመጣ ነው። ብዙ ሰው ቤት በሚገኘው በ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያ ልብስ «በርኖስ» ተብሏል።

በግሪኩ ያለው ቃል ፋይሎኔስ ነው። ሮማውያን ፔኑላ ይሉት የነበረ፣ እጅጌ የሌለው ወፍራም የመንገደኛ መደረቢያ ነው። ተርጓሚዎቹ «ካባ» ማለት ይችሉ ነበር። ካባ ግን ድግስና ሹመት ይሸታል። «ጋቢ» ቢሉ ጥጥ ይሆንባቸዋል። «ካፖርት» ቢሉማ ጳውሎስ የመርካቶ ደላላ በመሰለ ነበር። በርኖስ ልክ ነው። የሱፍ ነው፣ የብርድ ነው፣ የመንገድ ነው።

ታዲያ ይህ በርኖስ የሚባል ቃል ከየት መጣ?

መጀመሪያ ልብሱን እንየው። የአሁኑ የከተማ ልጅ ስሙን እንጂ ልብሱን በደንብ የማያውቅበት ዕድል ሰፊ ነው። በርኖስ ከበግ ጠጉር የሚሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ወይም ቡናማ መደረቢያ ነው። እጅጌ የለውም። አንገት ላይ ይያያዝና በትከሻ ወርዶ ጉልበት አካባቢ ወይም ዝቅ ብሎ ይቀራል። ከታች ሰፊ ነው፤ ሰው በቅሎ ላይ ሲቀመጥ ከነጭኑ ይሸፍነዋል። ከሌሎች ካባዎች የሚለየው ደግሞ አንድ ነገር አለ። በአንዱ ትከሻ በኩል ቀጥ ብላ የቆመች ሹል ጫፍ አለችው። የድሮ ፎቶዎች ላይ ባላባቱ ወይም ጎበዝ አለቃው ከሩቅ የሚታወቀው በዚያች ጫፍ ነው። አንድ ጊዜ ልብ ካሏት በኋላ በየፎቶው ትታያለች።

አሁን ወደ ቃሉ።

በርኖስን የሚሰማ አማርኛ ተናጋሪ በቀላሉ የሚሳሳትበት ቦታ መጨረሻው ነው። «ኖስ» የሚለው ድምፅ ጴጥሮስን፣ ማርቆስን፣ ጢሞቴዎስን ያስታውሳል። ስለዚህ ከግሪክ ወደ ግዕዝ፣ ከግዕዝ ወደ አማርኛ የመጣ የቤተ ክርስቲያን ቃል ይመስላል። ሌላው ደግሞ «በርኖስ ከብርድ የመጣ ነው፣ የብርድ ልብስ ለማለት ነው» ይላል። ደስ የሚል ፍቺ ነው፤ ግን አያስኬድም። የ«ብርድ» «ድ» የት ሄደች? «ኖስ»ስ ከየት ተቀጠለች? የአማርኛ ቃል ሥር ካለው ዘመድ አለው፤ ከለበሰ ልብስ፣ ከደረበ ድርብና መደረቢያ፣ ከሸፈነ ሽፋን ይወጣል። በርኖስ ግን ግስ የለውም። «በረነሰ» የሚል ሰው ሰምታችሁ አታውቁም። እንዲህ ያለ ብቸኛ ቃል ብዙውን ጊዜ እንግዳ ነው።

የቅርብ ምንጩ ዐረብኛ ነው። ዐረብኛው «ቡርኑስ» ይለዋል። ብዙ ቁጥሩ «በራኒስ» ነው። እነሱ ግስ ሁሉ አበጅተውለታል፤ «ተበርነሰ» ማለት በርኖስ ለበሰ ማለት ነው።

ቃሉ በዐረብኛ ውስጥ ዕድሜ ጠገብ ነው። ሐጅ ወይም ዑምራ ለማድረግ ኢሕራም (የተቀደሰው የጉዞ ሥርዓት) የገባ ወንድ ምን ይልበስ ተብሎ ነቢዩ ሙሐመድ ሲጠየቁ የሰጡት መልስ በኢብኑ ዑመር በኩል ተላልፎ በቡኻሪም በሙስሊምም የሐዲስ (የነቢዩ ንግግሮች) ስብስብ ውስጥ ይገኛል። የማይለበሰውን ነው የዘረዘሩት፦ ቀሚስ፣ ጥምጥም፣ ሱሪ፣ በርኖስ፣ ኹፍ (የቆዳ ጫማ)። እግረ መንገዴን፣ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ያለው «ቀሚስ»ም የኛው ቀሚስ ነው። ከላቲኑ ካሚሲያ ተነሥቶ በዐረብኛ «ቀሚስ» ሆኖ እኛ ጋ ደረሰ። እዚያ የወንድ ነበር፤ እዚህ የሴት ሆነ። ልብስ ስሙን እንጂ ባለቤቱን ይዞ አይሻገርም።

ነገሩ የሚጣፍጠው ግን የጥንት የዐረብኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ቡርኑስ»ን እንዴት እንደፈቱት ስናይ ነው። አንደኛው ፍቺ «በእስልምና መጀመሪያ ዘመን ራሳቸውን ለአምልኮ የሰጡ ሰዎች ያደርጉት የነበረ ረጅም ቆብ» ይላል። ቆብ! ሁለተኛው ፍቺ ደግሞ «የራስ መሸፈኛው ከራሱ ጋር ተያይዞ የተሠራ ማንኛውም ልብስ» ነው። ማለትም ቃሉ የሚጠራው በመጀመሪያ ራስ ላይ ያለውን ነገር ነበር፤ ቀጥሎ ቆቡ ያለበትን ልብስ በሙሉ፤ ከዚያ ወዲያ ዋናው ነገር ልብሱ ሆነና ቆቡ ቢኖርም ባይኖርም ስሙ ቀጠለ። የኛ በርኖስ ብዙውን ጊዜ ቆብ የለውም። ሐበሻ ራሱን በነጠላ ይከናነባል ወይም በሻሽ ይጠመጥማል፤ በሱፍ ቆብ አይደለም። ስለዚህ ቃሉ እኛ ጋ ሲደርስ ከራስ ወርዶ ትከሻ ላይ አረፈ።

ከዐረብኛ በፊትስ? አብዛኞቹ የቋንቋ ምሁራን ወደ ሮማውያን ዘመን ይመልሱታል። በላቲን «ቢሩስ»፣ በግሪክ «ቢሮስ» የሚባል ቆብ ያለው የሱፍ መደረቢያ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ በ301 እ.ኤ.አ. የዕቃ ዋጋ ሰማይ ሲነካበት ለሁሉም ነገር ጣሪያ ዋጋ አወጀ። (ዲዮቅልጥያኖስን እኛ የምናውቀው በሰማዕታት ዘመን ክፋቱ ነው፤ ገበያ ለመቆጣጠርም ሞክሮ አልሆነለትም።) በዚያ ዝርዝር ውስጥ የብሪታንያ ቢሩስ 6,000 ዲናር ተብሎ ተጽፏል። በዚያው አዋጅ የአንድ የእርሻ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ጣሪያው ከነምግቡ 25 ዲናር ነው። አስሉት። አንድ ጥሩ ቢሩስ ለመልበስ ሠራተኛው አንዲት ሳንቲም ሳያባክን 240 ቀን መሥራት አለበት። ይህ የድሃ ፎጣ አይደለም።

ቢሩስ ራሱስ? ከኬልቶች ቋንቋ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። በዌልስና በጥንታዊው አይሪሽ ቅርብ ድምፅ ያለው ቃል አለ፤ ትርጉሙ «አጭር» ነው። እንግዲህ ምናልባት በመጀመሪያ አጭር ካባ ነበር ማለት ነው። ከዚሁ ከቢሩስ ሌላ ልጅም ተወልዷል። ወታደር ዘንበል አድርጎ የሚደፋውን፣ እኛ ቦኔት የምንለውን ክብ ቆብ ፈረንሳዮች «ቤሬ» ይሉታል። እሱም የመጣው «ትንሽ ቢሩስ» ከሚለው ነው። የባላባቱ በርኖስና የኮማንዶው ቆብ የአክስት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ «ታዲያ ከግሪኩ ቢሮስ በቀጥታ ወስደነው ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ ያለው በአንዲት ፊደል ላይ ነው፤ በ«ን»። ላቲኑም ግሪኩም «ን» የላቸውም። ድርብ «ረ» ነው ያላቸው። «ን» የምትመጣው ዐረብኛው ላይ ነው። ዐረብኛ የሚጠብቅ ድምፅ ባለበት ቦታ «ን» ሲያስገባ በሌላም ቃል ይታያል። እኛ «ሰብል» የምንለውን ዕብራይስጥ «ሺቦሌት» ይለዋል፣ «ቦ» ጠብቃ። ዐረብኛው ግን «ሱንቡል» ይላል። የኛ በርኖስ «ን»ን ይዞ ስለመጣ የዐረብኛን በር አልፎ መምጣቱን ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም ተመትቶበታል።

ከዐረብኛ የወሰድነው እኛ ብቻ አይደለንም። የቃሉ ዋና ቤት ሰሜን አፍሪካ ነው። አልጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ቱኒዚያ በርኖስ ሲባል ሴቶች በቆመ የሽመና ዕቃ ላይ የሚሠሩት፣ ቆብ ያለው፣ ዙሪያውን ሰፊ የሱፍ ካባ ነው። ሙሽራ ይለብሰዋል፣ ሽማግሌ ይለብሰዋል። ሞሮኮዎች ብዙ ጊዜ «ሰልሃም» ይሉታል። የመካከለኛው ዘመን የዐረብ የዘር ቆጣሪዎች የአማዚግን (የበርበርን) ሕዝብ በሁለት ትልልቅ ቤቶች ሲከፍሉ አንዱን «አል በራኒስ» ብለውታል፤ ቃል በቃል «በርኖሶቹ»። የታሪክ ጸሐፊው ኢብኑ ኸልዱን ስለ አማዚጎች አለባበስ ሲጽፍ ከሁሉም በላይ ጥቁር በርኖስ እንደሚደርቡ ይናገራል። ጥቁር የሚለው ትኩረቴን ይስበዋል፤ ልክ እንደኛው የመንዝ በርኖስ። ተገናኝተው አይደለም። ያልተነከረ የጥቁር በግ ጠጉር የትም ቢሆን ጥቁር ነው።

ፈረንሳይ አልጄሪያን በ1830 እ.ኤ.አ. ከወረረች በኋላ ስፓሂ የሚባሉትን የአገሬው ፈረሰኞች በቀይ በርኖስ አሰለፈች። ቃሉም ወደ ፈረንሳይኛ ገባ። ገብቶም አንድ መጥፎ አነጋገር ወለደ። «በርኖሱን ላብ በላብ ማድረግ» ይላሉ። የአገሬውን ሰው አንጀቱ እስኪታጠፍ ማሠራት፣ ጉልበቱን መጋጥ ማለት ነው። ልብሱ በሰውየው ቦታ ገባ። ቅኝ ገዢ ሰውየውን ሳያይ ካባውን ብቻ ሲያይ የሚፈጠር ንግግር ነው።

ስፔኖች ደግሞ ዐረቦች አንዳሉሲያን ሲገዙ ቃሉን ከፊቱ ከሚቀጠለው የዐረብኛ «አል» ጋር ወሰዱት፤ «አልቦርኖስ» አሉት። ዛሬ አልቦርኖስ ማለት ከሻወር ሲወጡ የሚለብሱት የፎጣ ጋዋን ነው። ግብፅም እንደዚያው ነው። ካይሮ ልብስ ቤት ገብታችሁ «ቡርኑስ» ብትሉ ባለሱቁ ለስላሳ፣ ነጭ፣ መቀነት ያለው የመታጠቢያ ቤት ጋዋን ያወጣላችኋል። የመንዝ ገበሬ ቢያየው ምን ይል ይሆን? ደግሞ እዚያው ካይሮ፣ የቅብጥ ቤተ ክርስቲያን ግቡ። ካህኑ ወይም ጳጳሱ ለቅዳሴ ከላይ የሚደርበው፣ ከፊት የተከፈተው የከበረ ካባም ስሙ «ቡርኑስ» ነው። አንድ ከተማ፣ አንድ ቃል፤ አንዱ መቅደስ፣ አንዱ መታጠቢያ ቤት።

ይህ ሁሉ ትርጉም የሚጋራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ ጣል የሚደረግ፣ ሰውነትን ጠቅልሎ የሚይዝ ልብስ መሆኑ። የቀረውን እያንዳንዱ አገር ከራሱ ሞላው። ግብፅ ጥጥ አላት፤ ፎጣ አደረገችው። እኛ ምን ነበረን? ደጋ ነበረን፣ በግ ነበረን።

ወደ መንዝ እንውጣ። ከደብረ ብርሃን አልፋችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጉሙ መኪናውን ይውጠዋል። ከዚያ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ ከፍታውን ሳይለቅ ይቀጥላል፤ ወደ ጓሳ ሲጠጋም ይብሳል። ሌሊት ውርጭ ይጥላል። እዚያ ጥጥ አይበቅልም፤ ቢመጣም የቆላ ዕቃ ስለሆነ በገንዘብ ነው። በደጁ ያለው የመንዝ በግ ነው። ትንሽዬ፣ ላታም፣ ጠጉሩ ወፍራምና ሸካራ፣ ብዙ ጊዜ ጥቁር ወይም ቡናማ። የኢትዮጵያ በግ አብዛኛው ለሥጋ ነው የሚታሰበው። የመንዝ በግ ግን ጠጉሩም ገበያ አለው። ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል። የሚወጣውም ብዙ ነው፦ ለመኝታ ዝተትና ባና፣ ለለቅሶና ለመነኩሴ ማቅ፣ ለመንገድና ለክብር በርኖስ።

ለምን ሱፍ? ጋቢ ያውላችሁ አይደል፣ ይሞቃል። ጋቢ ግን ዝናብ ከነካው አለቀ፤ ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ሰውነት ላይ ይለጠፋል። የበግ ጠጉር ጠባዩ ሌላ ነው። አንደኛ፣ ላኖሊን የሚባል ቅባት አለው። በጉ ራሱ ዝናብ ላይ የሚውለው በዚህ ቅባት ነው። ጠጉሩ ብዙ ካልታጠበ ቅባቱ ልብሱ ላይም ይቀራል፤ ካፊያ ሲመታው ጠብታዋ ላዩ ላይ ክብ ሆና ቆማ ትንከባለላለች። ሁለተኛ፣ ሱፍ የራሱን ክብደት ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ውስጡ ይዞ እንኳ ሲነካ እርጥብ አይመስልም። ሦስተኛው ደግሞ የጠጉሩ ቅርፅ ነው። እያንዳንዱ ዘለላ በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው። በውሃ ርሶ ሲሞቅና ሲታሽ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይነካከሳሉ፤ ልብሱ ይጠብቃል፣ ይደድራል፣ የክር መስመሩ ራሱ ይጠፋል። በደንብ የጠበቀ ሱፍ ነፋስ አያሳልፍም። አንድ ያረጀ በርኖስ ጫፉን ይዛችሁ ወደ ብርሃን ብታነሱት በመሃሉ ብርሃን አያሾልክም። ጋቢ ያሾልካል።

ኧረ እንዲያውም የሚሸተውም ለዚህ ነው። እርጥብ በርኖስ በግ በግ ይላል። ቅባቱ ነው።

እንዲህ ያለ ልብስ በተፈጥሮው የመንገደኛና የወታደር ነው። በርኖስ የለበሰ ሰው ሜዳ ቢያድር አንጥፎም ለብሶም ይተኛበታል። ግን በርኖስ የክብር ልብስም ሆነ። ምክንያቱ አይከብድም፤ ብዙ የበግ ጠጉርና ብዙ የእጅ ሥራ ይበላል። ደግሞም ሁለቱን እጅ ስለሚሸፍን አርሶም ቆፍሮም የሚውል ሰው አይደርበውም። እጁን የማይሠራበት ሰው ይደርበዋል። መኳንንቱ ከውጭ በገባ ከፋይና ሐር መሥራት ሲጀምሩና ዳር ዳሩን በወርቅ ዘቦ ሲያስጠልፉት፣ ቅርፁ የበርኖስ ሆኖ ሱፉ ቀረ። በዳግማዊ ምኒልክ ፎቶዎች ላይ ከሰፊው ባርኔጣና ከነጩ ሻሽ በታች የምናየው ጥልፍ ያለበት ጥቁር ካባ የዚህ ቤተሰብ ነው።

እዚህ ጋ ስሞቹ ይቀላቀላሉ። ስለዚህ ቀለል አድርጌ ልለያቸው። ካባ ጠቅላላ ስም ነው፤ ከላይ የሚደረብ የክብር ልብስ ሁሉ ካባ ሊባል ይችላል። ሙሽሮች ለመልስ የሚደርቡት፣ ካህናት የሚደርቡት፣ ተመራቂ ተማሪ ፎቶ የሚነሣበት ሁሉ ካባ ነው። ላንቃ ከካባው ጋር የሚሄድ የማዕረግ ልብስ ነው፤ «ካባ ላንቃ» አብሮ ይጠራል። ለምድ ከቆዳ ወይም ከአውሬ ጎፈር የሚሠራ የጀግና ልብስ ነበር፤ በኋላ ከከፋይም ተሠራ። «የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ» የሚለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ደበሎ ደግሞ ያልተፋቀ የበግ ቆዳ ነው፤ የቆሎ ተማሪ ልብስ። በርኖስ ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ተሸምኖ የሚሠራ የበግ ጠጉር በመሆኑ ነው። ለምድና ደበሎ የበጉን ቆዳ ይፈልጋሉ። በርኖስ በጉን አይገድልም፤ ይሸልተዋል እንጂ።

ግሱም ልብ ይባል። አማርኛ ለልብስ ሁሉ አንድ ግስ አይሰጥም። ጫማ ይጫሙታል፣ ባርኔጣ ይደፉታል፣ ነጠላ ያጣፉታል ወይም ይከናነቡታል፣ ቀለበት ያጠልቁታል፣ ቀበቶ ይታጠቁታል። በርኖስ ይደረባል። ወይም ጣል ይደረጋል። «በርኖሱን ደረብ አድርጎ ወጣ» ሲባል ከውስጥ ሌላ ልብስ እንዳለ ያው ይገባናል። ስሙ ከውጭ የመጣ ቢሆንም የሚለበስበት ግስ አገር በቀል ነው። ጃኬትም ካፖርትም ሲመጡ ያንኑ ግስ ተከራዩ።

አጻጻፉ አንዳንዴ «ብርኖስ»፣ አንዳንዴ «በርነስ» ሆኖ ይገኛል። በብዛት የሚጻፈውና እኔም የምመርጠው «በርኖስ» ነው። አሜሪካ ያሉ ወጣት ሐበሾች ለቲሸርት ሥራቸው ስም ሲፈልጉ ይህንኑ ቃል ወስደውታል። ቲሸርት ላይ «በርኖስ» ብሎ መጻፍ ትንሽ ያስቃል፤ አንዱ ከሁሉም በላይ የሚደረብ፣ ሌላው ከሁሉም በታች የሚለበስ ነው። ስሙ ግን ከሮም እስከ ካይሮ ሻወር ቤት የዞረ ነውና ዲያስፖራ ሆነ ብሎ የሚገረም ካለ ታሪኩን አላየውም ማለት ነው።

የአያት በርኖስ ሳጥን ውስጥ ያላችሁ ካላችሁ ሁለት ነገር ብቻ። ብል ሱፍ ይወዳል፤ ከጥጥ ልብስ ጋር ደባልቃችሁ ለዓመታት አትርሱት፣ አልፎ አልፎ አውጡና አራግፉት፣ ፀሐይ ይምታው። ሁለተኛ፣ በሙቅ ውሃ አትጠቡት፣ ማሽን ውስጥማ በፍጹም። ከላይ ያልኳችሁ ቅርፊቶች ሥራቸውን ይጀምሩና ጉልበት የሚደርሰው በርኖስ ወገብ ላይ ይቀራል። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስለስ ያለ ሳሙና፣ ሳይጨመቅ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግቶ ማድረቅ ይበቃዋል።